ሞሪትዝ ካፖዚና አምስቱ ሕሙማን

በ1872 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ቆዳና ስለ ቂጥኝ በሽታዎች ብቻ በጀርመንኛ ይታተም በነበረ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ዘጠኝ ገጽ ያለው ጥናት ወጣ። ጸሐፊው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ፣ ዕድሜው ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ያላለፈ ሐኪም ነበር። ጥናቱ የአምስት ሕሙማንን ታሪክ ይዘረዝራል። አምስቱም ወንዶች ነበሩ፤ አምስቱም ከአርባ ዓመት ያላነሱ ነበሩ። በሽታው በእግራቸው ወይም በእጃቸው ቆዳ ላይ በነጠብጣብ ይጀምራል። ነጠብጣቡ ቡናማ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሲውል ሲያድር ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ከዚያም ጠንክሮ ይጎብጣል፤ ጉብታው ከጉብታ ይያያዛል፤ እግር ያብጣል፤ ደዌው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጸሐፊው ለዚህ ደዌ ምክንያቱ ያልታወቀ፣ በብዙ ሥፍራ የሚበቅል፣ ባለቀለም የቆዳ ሳርኮማ የሚል ረጅም ስም ሰጠው።

ዛሬ ይህን ረጅም ስም የሚያስታውስ የለም ማለት ይቻላል። ደዌው የሚጠራው በጸሐፊው ስም ነው። ይህም ስም ቢሆን ጥናቱ በታተመበት ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረው።

ሞሪትዝ ካፖዚ ሲወለድ ሞሪትዝ ኮን ነበር። የተወለደው ጥቅምት 23 ቀን 1837 ዓ.ም. በዚያን ዘመን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በሀንጋሪ፣ ካፖሽቫር በምትባል ከተማ፣ ከአይሁድ ወገን ከሆኑ ድሃ ቤተሰብ ነው። ኮን የሚለው ስም መነሻው በዕብራይስጥ፣ በእኛም ቋንቋ ካህን የምንለው ቃል ነው፤ ስለዚህም በመካከለኛው አውሮፓ አይሁድ ዘንድ እጅግ የበዛ ስም ነበር። በቪየና የሕክምና ፋኩልቲ ውስጥ ብቻ ከእርሱ ሌላ በተመሳሳይ ስም የሚጠሩ አምስት ሐኪሞች እንደነበሩ ይነገራል። በ1871 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ በዚያው ጊዜ ስሙንም ለወጠ። አዲሱን ስም የወሰደው ከትውልድ ከተማው ነው። ከተማይቱ የተሰየመችው አጠገቧ በሚፈሰው በካፖሽ ወንዝ ሲሆን፣ በሀንጋሪኛ ከአገር ስም መጨረሻ የምትጨመረው ኢ የትውልድ ቦታን ታመለክታለች፤ እኛ ጎንደሬ፣ ወሎዬ፣ ጎጃሜ እንደምንለው መሆኑ ነው። ሀንጋሪዎች ስሙን ካፖሺ ብለው ያነቡታል፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው ቪየና ግን ካፖዚ አለው፤ ዓለምም ያጸደቀው ይህንኑ ነው።

ስሙንና እምነቱን ስለለወጠበት ምክንያት ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ የአለቃውን የፌርዲናንድ ፎን ሄብራን ልጅ ማርታን ለማግባትና ወደ ላይ ለመውጣት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከስመ ሞክሼዎቹ ለመለየት ሲል ነው የሚለውን ይቀበላሉ። ሁለቱ ምክንያቶች ግን የሚጋጩ አይደሉም። በካቶሊካዊ ንጉሠ ነገሥት ከተማ አንድ የአይሁድ ተወላጅ የፕሮፌሰርነት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያለበትን መሰናክል የሚያውቅ ሰው፣ ከአንድ በላይ ምክንያት ቢኖረው አያስገርምም። የሚያስገርመው ከሌሎች ጋር እንዳይምታታ ብሎ የመረጠው ስም፣ ኋላ ምንነቱ መቶ ዓመት ሙሉ ሲያምታታ ለኖረ ደዌ መጠሪያ መሆኑ ነው።

ወጣቱ ኮን በ1856 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ቪየና ሲገባ፣ ከተማይቱ የአውሮፓ ሕክምና መዲና ነበረች። ካርል ሮኪታንስኪ በሺህ የሚቆጠሩ አስከሬኖችን ከፍቶ በሽታ በሰውነት ውስጥ የሚተወውን ምልክት ያስተምር ነበር። ዮሴፍ ሽኮዳ ደረት እያዳመጠና እያንኳኳ በሕይወት ሳለ በሕመምተኛው ላይ ያገኘውን፣ በኋላ ከሮኪታንስኪ ጠረጴዛ ጋር ያስተያይ ነበር። የእነዚህ ሁለት ሊቃውንት ደቀ መዝሙር የሆነው ሄብራ ደግሞ ማንም ወደማይፈልገው ወደ ቆዳ ሕሙማን ክፍል ተመደበ። በዚያ ክፍል የሚተኙት አብዛኞቹ እከክ የያዛቸው ድሆች ነበሩ። የዘመኑ ሐኪሞች የቆዳ በሽታ ሁሉ ደም ከመበላሸት የሚመጣ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር እከክንም በደም ማፍሰስና በማስቀመጫ መድኃኒት ያክሙ ነበር። ሄብራ እከክ የሚያመጣውን ደቃቅ ተባይ በገዛ ቆዳው ላይ አራብቶ በሽታው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን አሳየ። በ1845 ዓ.ም. የቆዳ በሽታዎችን በአስከሬንና በሕብረ ሕዋስ ምርመራ መሠረት መድቦ አወጣ። የወላድ ሴቶችን ሞት በእጅ መታጠብ ለመቀነስ የታገለው የኢግናዝ ዜመልቫይስ ወዳጅ ስለነበረም፣ የወዳጁን ግኝት በ1847 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕክምናው ዓለም ያሳወቀው እርሱ ነው።

ኮን ትምህርቱን በ1861 ዓ.ም. ፈጽሞ የሐኪምነት ማዕረግ ተቀበለ። በመጀመሪያ የቂጥኝ ሕክምና መምህር ከነበረው ከካርል ዚግሙንድ ጋር ሠራ፤ በ1866 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ፈቃድ አገኘ፤ ከዚያም ወደ ሄብራ ክፍል ተዛወረ። ጥምረቱ ለሁለቱም ጠቀመ። ሄብራ ቀልደኛ፣ አንደበተ ርቱዕና ዓይኑ የማይስት መምህር ነበር፤ የጽሕፈት ሥራ ግን ይከብደው ነበር። ካፖዚ ደግሞ የማይሰለች ጸሐፊ ነበር። ሄብራ የጀመረው ታላቁ የቆዳ በሽታዎች መማሪያ መጽሐፍ በ1876 ዓ.ም. ሊፈጸም የቻለው በአብዛኛው በካፖዚ ብዕር ነው። አማቹ ሆነ፣ ረዳቱ ሆነ፣ በመጨረሻም ወራሹ ሆነ። ዘመድ አዝማድ ወንበር መወራረሱን የሚተቹ በቪየና አልጠፉም ነበር፤ ዳሩ ግን ካፖዚ የጻፈውን የሚመለከት ሰው ወንበሩን ያገኘው በጋብቻ ብቻ ነው ለማለት አይደፍርም።

ከጻፋቸው መካከል ሁለቱን ብቻ ማንሣት ይበቃል። በዚያው በ1872 ዓ.ም. ሉፐስ ስለተባለው ደዌ ሲጽፍ፣ ይህ በሽታ በፊት ቆዳ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ፤ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ማነስና የሳንባ ብግነት አስከትሎ እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል አመለከተ። ዛሬ ሉፐስን የመላ ሰውነት በሽታ አድርጎ የሚያክመው ሐኪም ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው በ1870 ዓ.ም. ከሄብራ ጋር በሚያወጣው መጽሐፍ ውስጥ የገለጠውና በ1882 ዓ.ም. ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ብሎ የሰየመው የሕፃናት ደዌ ነው። በዚህ ደዌ የተያዘ ሕፃን ፀሐይ ባገኘው የሰውነት ክፍል ሁሉ ቆዳው ይደርቃል፤ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ይጨማደዳል፤ በነጠብጣብ ይዥጎረጎራል፤ በለጋ ዕድሜውም የቆዳ ካንሰር ይበቅልበታል። ምክንያቱ ማለትም ፀሐይ የጎዳውን የዘር ቅንጣት ሕዋስ መጠገን አለመቻሉ የታወቀው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ካፖዚ ከጻፈ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ መሆኑ ነው።

በሁለቱም ላይ አንድ ጠባይ ይታያል። ካፖዚ ከቆዳ ይጀምራል፤ ነገር ግን በቆዳ ላይ አይቆምም። በአምስቱ ሕሙማንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከእነርሱ አንዱ ደዌው ከጀመረው ከአሥራ አምስት ወር በኋላ አንጀቱ ደምቶ ሞተ። አስከሬኑ ሲከፈት በእግሩ ላይ የታዩትን የሚመስሉ ደም ያዘሉ ጉብታዎች በሳንባውና በምግብ ቧንቧው መስመር ላይ ተገኙ። ለሌላ ሐኪም ይህ አንድ ካንሰር ከእግር ተነሥቶ ወደ ሆድ ዕቃ ተዛመተ ለማለት ይበቃው ነበር። ካፖዚ ግን በሁለቱም እግሮችና በሁለቱም እጆች ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጡትን ጉብታዎች ተመልክቶ፣ ደዌው ገና ከመነሻው በብዙ ሥፍራ የሚበቅል ነው የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ አስገባ። ይህ ቃል ከግኝቱ ሁሉ የበለጠ ዋጋ እንዳለው የታወቀው በብዙ ዘመን ኋላ ነው።

የተሳሳተበትም አለ። ቀለሙን በቆዳ ውስጥ ካለው የተፈጥሮ ቀለም የመጣ መስሎት ባለቀለም ሳርኮማ አለው፤ በእውነቱ ግን ቀለሙ ከደም ሥር የፈሰሰ ደም ዝገት ነው። ይህን ራሱ አርሞታል፤ በኋላ በጻፋቸው ሥራዎቹ ባለቀለም የሚለውን ትቶ የሚደማ በሚል ለውጦታል። ሊቅ የራሱን ቃል በሕይወት ሳለ ሲያርም ማየት ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም። ሌላው ስሕተት ግን ከባድ ነበር። ከአምስት ሰዎች ታሪክ ተነሥቶ፣ ይህ ደዌ የያዘው ሰው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚሞትና መድኃኒትም እንደሌለው ጻፈ። በአውሮፓ ከዚያ በኋላ የታዩት አብዛኞቹ ሕሙማን፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በምሥራቅ አውሮፓ የሚኖሩ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ደዌውን በእግራቸው ይዘው አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ኖረው በሌላ ምክንያት ይሞቱ ነበር። ከካፖዚ መጽሐፍ አንብቦ ለሕመምተኛው የሞት ቀን የቆረጠለት ሐኪም ስንት እንደነበረ የሚቆጥረው የለም።

ሄብራ በ1880 ዓ.ም. ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመት ካፖዚ የክሊኒኩ አለቃ ሆነ። በ1880 ዓ.ም. በትምህርት መልክ አዘጋጅቶ ያወጣው የቆዳ በሽታዎች መጽሐፍ በዓመቱ በፈረንሳይ ሊቃውንት በበኒዬና በዱዋዮን ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጎመ። የቪየናና የፓሪስ ትምህርት ቤቶች በዚያን ጊዜ እንደ ሁለት ተቀናቃኝ ደብሮች ነበሩና ይህ ትርጉም ትንሽ ነገር አልነበረም። ከአውሮፓ ከየአገሩና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣት ሐኪሞች ከክሊኒኩ አይጠፉም ነበር። በ1887 ዓ.ም. ችፌ በያዘው ቆዳ ላይ በድንገት የሚነሣውን ፈንጣጣ መሰል ሽፍታ ገለጠ፤ ይህም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሃይንሪክ ኮብነር የተባለ ሐኪም በ1891 ዓ.ም. ያ ረጅም ስም ያለው ሳርኮማም በካፖዚ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አገኘ። በ1898 እና በ1900 ዓ.ም. መካከል የቆዳ በሽታዎችን በሥዕል የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። መጋቢት 6 ቀን 1902 ዓ.ም. በቪየና ሞተ፤ በወንበሩም ጉስታቭ ሪል ተተካ።

ካፖዚ ሲሞት በስሙ የተጠራው ሳርኮማ የቆዳ ሐኪም በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያየው፣ በተማሪዎች ፈተና የማይመጣ ብርቅ ነገር ነበር። ታሪኩን የለወጠችው አፍሪካ ናት። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዩጋንዳ፣ በኮንጎና በአካባቢያቸው የሚሠሩ ሐኪሞች ይህ ብርቅ የተባለ ደዌ በእነርሱ ዘንድ የዕለት ገጠመኝ መሆኑን መጻፍ ጀመሩ። በዩጋንዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሚመዘገበው ካንሰር እስከ 9 በመቶ የሚደርሰው ይኸው ነበር። ደዌው ገበሬዎችን ይይዛል፤ ሕፃናትንም ይይዛል፤ በሕፃናት ላይ ቆዳን ትቶ የሊምፍ ዕጢዎችን እያሳበጠ በፍጥነት ይገድላል። በ1961 ዓ.ም. በካምፓላ ስለዚህ ደዌ ብቻ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ለጥያቄው መልስ አልተገኘም፤ ሆኖም ደዌው በአንዱ አገር በዝቶ በሌላው የሚጠፋበት ምክንያት አለ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ ኢትዮጵያም ገብታለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን የሚይዘውን ዝሆኔ ሲያጠና፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣው የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ መስመሮችን እንደሚያበላሽ አመልክቶ ነበር። በዩጋንዳ ብዙ ዘመን በካንሰር ሕክምና የሠራው ጆን ዚግለር ይህን አንብቦ፣ በ1993 ዓ.ም. የካፖዚ ሳርኮማ በአፍሪካ የሚበዛበት አገርና የእሳተ ገሞራ አፈር ያለበት አገር የሚገናኙ መሆናቸውን ጠቁሞ፣ አፈሩ የእግርን የመከላከል ኃይል በማዳከም ለደዌው መንገድ ይከፍት ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ቢሆንም ደዌው ለምን ከእግር እንደሚጀምር ለሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ መታሰብ የሚገባው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ደርሶ ነበር። በሐምሌ 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ሳምንታዊ መግለጫ፣ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ የካፖዚ ሳርኮማ የተገኘባቸው 26 ወንዶች እንደታዩ ተነገረ። የሽማግሌዎች ደዌ የተባለው በጎልማሶችና በወጣቶች ላይ ተገኘ፤ ዓመታት ይፈጃል የተባለው በወራት ውስጥ ገደለ። ኤድስ የተባለው በሽታ ለዓለም ከታወቀባቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ይህ ነበር። በ1983 ዓ.ም. በሉሳካ ትሠራ የነበረችው ቀዶ ሐኪም አን ቤይሊ፣ ከምታውቀው የእግር ሳርኮማ የተለየ፣ አፍን፣ ሊምፍ ዕጢንና ሳንባን የሚወርር አዲስ ዓይነት እየበዛ መሆኑን ከምርመራ ክፍሏ ሆና አስተዋለች፤ የኤድስ ወረርሽኝ በዛምቢያ መድረሱን ያስታወቀ ማስጠንቀቂያም ሆነ። በኢትዮጵያ የኤችአይቪ ቫይረስ በደም ናሙና ላይ የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ነው። የካፖዚ ስም ከቆዳ ሐኪሞች መጽሐፍ ወጥቶ በሕሙማን አፍ የገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። በፊት ላይ የወጣ አንድ ሐምራዊ ነጠብጣብ ለጎረቤት ሁሉ ምሥጢር የሚያወጣበት፣ ሰው ከሞቱ በፊት ከሰው የሚለይበት ዘመን ነበር።

ደዌው በኤችአይቪ ምክንያት ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ግን ከአፍሪካ ሕፃናትና ከአውሮፓ አረጋውያን ግልጽ ነበር። ኩላሊት ተተክሎላቸው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይም ይታይ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲቀነስላቸው ጉብታው የሚከስምላቸው አሉ። ሌላ የተሸሸገ ነገር መኖሩ ተጠረጠረ። በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የሆኑት ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ከአንድ ሰው ሳርኮማና ከዚያው ሰው ጤነኛ ሥጋ የተወሰደውን የዘር ቅንጣት አስተያይተው፣ በዕጢው ውስጥ ብቻ ያለውን ለዩ። የተገኘው ከዚያ በፊት የማይታወቅ የሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነበር፤ ስምንተኛው የሰው ሄርፒስ ቫይረስ ተባለ። በአረጋዊው፣ በሕፃኑ፣ ኩላሊት በተተከለለትና ኤችአይቪ በያዘው ሰው፣ በአራቱም ዓይነት ደዌ ውስጥ ይኸው ቫይረስ ተገኘ። በብዙ ሥፍራ በአንድ ጊዜ የሚበቅልበት ምክንያትም በዚህ ተፈታ። ካፖዚ ምክንያቱ ያልታወቀ ብሎ ከጻፈ 122 ዓመት ሆኖት ነበር።

ቫይረሱ ሁሉን ነገር አልፈታም። ወደ እስራኤል በተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ በ2002 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱን የተሸከሙት ብዙዎች ሆነው ሳለ፣ ኤችአይቪ ባለባቸው መካከል እንኳ ሳርኮማው የሚወጣባቸው ከሌሎች ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂቶች እንደሆኑ አሳይቷል። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ማን እንደሚታመም የሚወስነው ሌላው ነገር ገና በፍለጋ ላይ ነው።

የደዌው መነሻ ሕዋስ የደም ሥርንና የሊምፍ መስመርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሰው ሕዋስ ነው። ቫይረሱ ሲገባበት ቅርጹ ተለውጦ እንደ እንዝርት ይሾላል፤ በቅጡ ያልተገነቡ፣ ደም የሚያፈሱ ጠባብ መስመሮችን ይሠራል። ቀለሙም፣ መድማቱም፣ እግር ማበጡም ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ሳርኮማ የሚለው ቃል ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠሩም አሉ። እውነተኛ ካንሰር ከአንድ የሳተ ሕዋስ የሚወለድ ነው፤ በዚህ ደዌ ግን በአንድ ሰው አካል ላይ ያሉ ጉብታዎች አንዳንዴ የተለያየ ወላጅ እንዳላቸው ታይቷል፤ መከላከያ ኃይል ሲመለስም የሚጠፉበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የዕጢዎች ምደባ ስለዚህ በመካከለኛ ረድፍ ያስቀምጠዋል። ከዚያው ከደም ሥር ግድግዳ የሚነሣውና ብርቅ የሆነው አንጂዮሳርኮማ ግን ያለ አንዳች ክርክር በክፉዎቹ ረድፍ ይቀመጣል። ሁለቱ በስም ዘመዳሞች በመሆናቸው ብቻ ለሕመምተኛው አንድ ዓይነት ፍርድ የሚሰጥ ሐኪም፣ የ1872ቱን ስሕተት ይደግማል።

ይህን ለባለሙያው መንገር ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ካፖዚ ቀለሙን የገለጠው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቡናማውና ሰማያዊው ጥቁር ሆኖ ይደበቃል፤ ዓይን የሳተውን ጣት ነው የሚያገኘው፤ አፍ ተከፍቶ ላንቃ መታየት ይኖርበታል። ጉብታ ሳይጎላ እግር ብቻ እንደ እንጨት ሲጠነክር፣ ዝሆኔ ነው ተብሎ ሕመምተኛው ለወራት የሚመላለስበት አጋጣሚ አለ። በተቃራኒው ደግሞ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቆዳ ላይ የሚወጣ ሌላ ደም ያዘለ ጉብታ አለ፤ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በ1983 ዓ.ም. ነው የተገለጠው። ሲያዩት ሳርኮማ ይመስላል፤ ነገር ግን ኤሪትሮማይሲን ያድነዋል። ከጉብታው ጥቂት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ቅንጅት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ሲውል፣ ሀብታም በሆኑት አገሮች ሳርኮማው በአንድ ጊዜ ቀነሰ፤ በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ደዌው ጠንክሮ ለመጣባቸው ግን የፀረ ካንሰር መድኃኒት መጨመር ግድ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለመለየት በኬንያ፣ በማላዊ፣ በዩጋንዳ፣ በዚምባብዌ፣ በደቡብ አፍሪካና በብራዚል ተካሂዶ በ2020 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ለረጅም ዘመን በድሃ አገሮች ይሰጡ ከነበሩት ከብሊዮማይሲንና ቪንክሪስቲን ቅንጅትና ከሚዋጠው ኢቶፖሳይድ ይልቅ ፓክሊታክሰል እንደሚበልጥ አረጋግጧል። የካፖዚ አምስት ሕሙማን ያልነበራቸው ዕድል ይህ ነው፤ ዕድሉ የሚገኘው ግን ሕመምተኛው ሳንባው ሳይወረር ከደረሰ ነው።

ካፖሽቫር ዛሬም በካፖሽ ወንዝ ዳር ያለች የሀንጋሪ ከተማ ናት። የከተማይቱ ሆስፒታል በስሙ ተሰይሟል፤ ሀንጋሪዎች የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ በበሩ ላይ ካፖሺ ሞር ተብሎ ነው የተጻፈው።